ከጅማ ተነስታችሁ ዛንዚባርን ለምታዩ

አዲስ አበባ ያሉ የጉዞ ወኪሎች የሚሸጡት የዛንዚባር ፓኬጅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ሌሊት ስቶን ታውን (የድሮው ከተማ)፣ ቀሪው አራት ሌሊት ባሕር ዳር ሆቴል። ለሙሽሮች ይመች ይሆናል። ደሴቲቱን ለማየት ለሚሄድ ሰው ግን ግልባጩ ነው የሚሻለው፤ ሦስት ሌሊት ከተማ፣ ሁለት ሌሊት ባሕር። አሸዋና ውሃ ሌላም አገር ሞልቷል። ኦማን፣ ጉጃራት፣ ፋርስ፣ ሐድራሞት፣ ኮሞሮስና የስዋሂሊ ጠረፍ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ በር ለበር የተጎራበቱበት ከተማ ግን እንደ ልብ አይገኝም። የጅማ ሰው ደግሞ ለዚህ ከተማ ዝግጁ ዓይን አለው፤ ቅመም ያውቃል፣ ቡና ያውቃል፣ የተፈለፈለ እንጨት እያየ ነው ያደገው፣ ጉሬዛም ብርቁ አይደለም። ሌላው ቱሪስት "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ሲጀምር እሱ "ከኛው በምን ይለያል?" ብሎ መጀመር ይችላል።

መጀመሪያ ጊዜውን እንምረጥ። የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ዝናቧ የኛን ክረምት አይከተልም። ትልቁ ዝናብ፣ እነሱ ማሲካ የሚሉት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ትንሹ፣ ቩሊ የሚባለው፣ ኅዳር ላይ ይበረታል። ጅማ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ስትርስ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ነው፤ ምርጡ ወቅትም ይኸው ነው። ቡና ተለቅሞ እጅ ላይ ገንዘብ የሚገባበት ጥርና የካቲትም ደረቅ ነው፣ ግን ሙቀቱ ይጠናል። ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የኖረ ሰው የባሕር ጠለል ወበቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያዝለዋል፤ ስለዚህ ከቀትር 6 እስከ 9 ሰዓት ምንም አታቅዱ፣ ውሃ ጠጥታችሁ ተኙ። በማሲካ ርካሽ ክፍል አግኝታችሁ ብትሄዱ ግን አንዳንድ የባሕር ዳር ሆቴሎች ተዘግተው፣ የጀልባ ጉዞዎችም በማዕበል ተሰርዘው ልታገኟቸው ትችላላችሁ።

ረመዳን ላይ መሄድ ለሙስሊም ተጓዥ ድንቅ ነው፤ ከኢፍጣር በኋላ ከተማው በሙሉ ውጭ ነው የሚያመሸው። የማይጾም ሰው ግን ቀን አደባባይ ላይ መብላትና ውሃ መጠጣት እንደማይገባው ይወቅ። የደሴቲቱ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው።

ወረቀት ላይ ስህተት የሚፈጠረው ቅደም ተከተሉን ከማዛባት ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ቀድሞ በኢንተርኔት ይጠየቃል፤ ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት አትቁረጡ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ቢጫዋ ካርድ ትጠየቃለች። ክትባቱ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ በበረራ ዋዜማ የተከተበ ሰው ካርድ ይዞም ሊመለስ ይችላል። ቀድሞ የተከተባችሁ እንደገና መከተብ አያስፈልጋችሁም፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛንዚባር የምትገባ የውጭ አገር እንግዳ ሁሉ የደሴቲቱን መንግሥት የጉዞ መድን እንዲገዛ ይገደዳል፤ ዋጋው ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ ድርጅት የሸጠላችሁ መድን ይህን አይተካም። ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት ክፈሉና አትማችሁ ያዙት።

ከጅማ ሻንጣ ስታስሩ ሁለት ነገር አውጡ። አንዱ ፌስታል ነው፤ ፕላስቲክ ከረጢት እዚያ ከተከለከለ ቆይቷል። ሁለተኛው ጫት። ጅማ ላይ የዕለት ገበያ ዕቃ ነው፤ ታንዛኒያ ውስጥ ግን በሕግ ከተከለከሉ አደንዛዥ ዕፆች ተርታ የተመደበ ነው። ለወዳጅ ስጦታ ብሎ አንድ እስር መያዝ ጉዞውን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊያስጨርስ ይችላል። ብርም እዚያ ዋጋ የለውም። ዶላር ስትይዙ ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት አትቀበሉ፤ መንዛሪዎቹ ይመልሱታል።

ከአዲስ አበባ ዛንዚባር የአውሮፕላኑ መንገድ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከጅማ ግን በዚያው ቀን ለማገናኘት አትሞክሩ። ክረምት ላይ የጅማ በረራ በደመና ሊዘገይ ይችላል፣ በመኪና የምትመጡም 350 ኪሎ ሜትር ያህል አለባችሁ። አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ማደር ካመለጠ ቲኬት ይረክሳል።

ሰዓትና ቁጥር

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ከሌላው መንገደኛ ሁሉ ይቀድማል። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል። "ሳ ምቢሊ አሱቡሂ" ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ የኛው 2 ሰዓት። የሰዓት ቀጠናውም አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓታችሁን አትነኩትም። ወጥመዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሹፌሩ ወይም ጀልባ ነጂው የውጭ አገር ሰው መሆናችሁን ሲያይ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ በእንግሊዝኛ "ስምንት" ካለ የኛን 2 ሰዓት ማለቱ ነው። የመርከብና የአውሮፕላን ቲኬትም በዚያው በፈረንጁ አቆጣጠር ነው የሚታተመው። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ሰዓቱን በስዋሂሊ አስደግሙት። በስዋሂሊ የተናገረው ቁጥር የኛ ነው፣ በእንግሊዝኛ የተናገረው የፈረንጅ ነው፤ ሁለቱ 6 ሰዓት ካልተለያዩ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

ከ20 ጀምሮ ያሉት የአሥር ብዜት ቁጥሮችም ከዐረብኛ ስለመጡ ለጆሮ አይከብዱም። 40 አሮባይኒ፣ 50 ሃምሲኒ፣ 70 ሰቢኒ፣ 80 ተማኒኒ ናቸው። አርባ፣ ሃምሳ፣ ሰባና ሰማንያን የሚያውቅ ሰው ገበያ ላይ ግማሹን ይገምታል። አንዷን ቃል ግን ተጠንቀቁ፦ ኤልፉ። ለነሱ ኤልፉ 1,000 ነው፤ የኛ እልፍ 10,000። "ኤልፉ ታኖ" ያላችሁ ሻጭ የሚፈልገው 5,000 ሽልንግ ነው። በአማርኛ ጆሮ አምስት እልፍ ሰምቶ 50,000 የሚቆጥር ገዢ ትርፉን የሚመልስለት አያገኝም።

ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ሰላምታ አለ። ለታላቅ ሰው "ሺካሞ" ይባላል፤ መልሱ "ማራሃባ" ነው። ለእኩያ "ማምቦ" ይበቃል። "ጃምቦ" ለቱሪስት የተተወ ነው፣ ያንን ስትሉ የቱሪስት ዋጋ ይጠራላችኋል። ጅማ ላይ ሱቅ ገብቶ ሰላም ሳይሉ "ስንት ነው?" ማለት እንደሚቀፍ ሁሉ እዚያም ይቀፋል።

ስቶን ታውን

የድሮው ከተማ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መጥፋት የተለመደ ነው፤ መንገዶቹ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍባቸው ናቸው፣ ግንቦቹ ረዣዥም ስለሆኑ የስልክ ካርታም ይሳሳታል። መላው ቀላል ነው። ከተማው ወደ ባሕር የገባ ሦስት ማዕዘን መሬት ላይ ነው፤ በሁለቱ ጎን ባሕር፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ድሮ የባሕር ሰርጥ የነበረ፣ አሁን የተሞላ ሰፊ አስፋልት አለ። በየትኛውም አቅጣጫ ሳትዞሩ ብትሄዱ በ15 ደቂቃ ከባሕሩ ወይም ከአስፋልቱ አንዱን ታገኛላችሁ። "አሳያችኋለሁ" ብለው የሚከተሏችሁን ልጆች ነዋሪዎቹ ራሳቸው ፓፓሲ ይሏቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ የፈቃድ መታወቂያ ካርዱን አይታችሁ፣ ዋጋውንና ሰዓቱን ተስማምታችሁ ያዙ።

ጉብኝቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ይጀምር። ዳራጃኒ ገበያ በ1904 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ የዓሣ ጨረታው የሚደራው ጠዋት ስለሆነ 5 ሰዓት ላይ የሚደርስ ሰው ጠረኑን እንጂ ጨረታውን አያገኝም። ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄዳችሁ የአንግሊካን ካቴድራሉ ጋ ትደርሳላችሁ።

ይህን ቦታ በጥድፊያ አትለፉት። ካቴድራሉ የቆመው የባሪያ ገበያው በነበረበት መሬት ላይ ነው። ገበያው የተዘጋው በ1873 እ.ኤ.አ. በዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ ዘመን፣ በእንግሊዞች ግፊት ነው፤ ባርነት ራሱ በሕግ የተነሳው ግን በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። መሠዊያው ሰዎች ይገረፉበት የነበረው ግንድ ቦታ ላይ መቀመጡን ያሳዩአችኋል። ወደ መግቢያው በኩል ያሉ ጥቂት ዓምዶች ተገልብጠው እንደቆሙ ልብ በሉ። ውጭ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ አምስት የድንጋይ ሰዎች አሉ፣ አንገታቸው ላይ ያለው ሰንሰለት የዘመኑ ትክክለኛ ሰንሰለት ነው። ከጎን ባለው ሕንፃ ሥር ያሉትን ዝቅተኛ ክፍሎች አስጎብኚዎች የባሪያ ማጎሪያ ይሏቸዋል፤ ሕንፃው ገበያው ከተዘጋ በኋላ ለሚሲዮኑ ሐኪም ቤት የተሠራ ስለሆነ በዚህ የማይስማሙ የታሪክ ሰዎች አሉ። ገበያው ግን ነበረ፣ የተሸጡትም ሰዎች እውነት ናቸው።

የጅማ ሰው እዚህ ቆሞ እንደ ሩቅ አገር ጉዳይ ማየት የለበትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጅማው የሂርማታ ገበያ ላይ ቡና፣ ማርና ዝባድ ብቻ አልነበረም የሚሸጠው፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከኛ በኩል የተወሰዱት ብዙዎቹ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ወደ ዐረብ ምድር ነው የተጫኑት። በዛንዚባር ሱልጣኖች ቤት ውስጥም "ሐበሻ" ተብለው የሚጠሩ ሴቶች ነበሩ፤ የብዙዎቹን ስምና የመጡበትን ቀዬ ግን የጻፈላቸው የለም።

ከዚያ ወደ ሁሩምዚ ሰፈር ግቡና በሮቹን አንብቡ። አንብቡ ያልነው በምክንያት ነው፤ የዛንዚባር በር የባለቤቱ መታወቂያ ነበር። ቤት ሲሠራ በሩ ቀድሞ ይቆም እንደነበር ይነገራል። አንድ በር ፊት ቁሙና ከላይ ጀምሩ። የላይኛው መቃን ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነና ቁርኣን ከተቀረጸበት የኦማን ዐረብ ቤት ነው። አናቱ እንደ ቅስት የተጠጋጋ ከሆነ የሕንድ ነጋዴ። ሳንቃው ላይ የተመቱትን ሹል የነሐስ ጉጦች እዩ፤ ልማዱ የመጣው ከሕንድ ነው፣ እዚያ ዝሆን በሩን እንዳይገፋ ነበር፣ ዝሆን በሌለበት ደሴት ላይ ግን የሀብት ምልክት ብቻ ሆኖ ቀረ። አሁን ወደ ጠርዙ ውረዱ። ጠርዙን ዙሪያውን የሚከበው የሰንሰለት ቅርጽ ቤቱን ይጠብቃል ተብሎ ነው። ከታች የዓሣ ቅርፊት ወይም የውሃ ሞገድ ካለ ባለቤቱ እንጀራው ከባሕር ነበር ይላሉ፤ የተምር ዛፍ ካለ ጥጋብ፣ የሎተስ አበባ ካለ የሕንድ እጅ። ሁለቱ ሳንቃዎች የሚጋጠሙባትን መካከለኛ ምሰሶ በጣት ንኩ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም በጥልቀት የተፈለፈለችው እሷ ናት። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንጨት በትኩረት ያየ፣ ወይም በርጩማ ከአንድ ግንድ ሲወጣ የተመለከተ ሰው የጠራቢውን እጅ ወዲያው ይለያል፦ ቅርጹ ጥልቅና ጠርዙ ያልተስተካከለ ከሆነ በእጅ የተሠራ አሮጌ ነው፤ ጥልቀቱ በሙሉ እኩል፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ከሆነ ትናንት ለሆቴል የተሠራ ነው።

ግንቡ የኮራል ድንጋይና ኖራ ነው። ኖራው በየጊዜው ካልተቀባ ዝናብ ይገባና ድንጋዩን ከውስጥ ያፈርሰዋል። ቤት አልአጃይብ የሚባለው በ1883 እ.ኤ.አ. ባርጋሽ ያሠራው ትልቁ ቤተ መንግሥት አንድ ወገኑ ታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ላይ ተደርምሶ ሰው ሞቶበታል፤ ከውጭ አይታችሁ እለፉ። አጠገቡ ያለው የድሮ ምሽግ ኦማኖች ፖርቱጋሎችን በ1698 እ.ኤ.አ. ካስወጡ በኋላ የሠሩት ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው። የካቲት ላይ የሙዚቃ ፌስቲቫሉ ሳውቲ ዛ ቡሳራ እዚያው ይደረጋል፤ በነዚያ ቀናት ክፍል ቀድሞ መያዝ ግድ ነው።

ሰፈሩን ስትዞሩ ድምፅና ቅርጽ ይምራችሁ። ሚናራ የሌለው፣ ከመኖሪያ ቤት እምብዛም የማይለይ መስጊድ የኢባዲዎች ነው፣ የኦማኖቹ መዝሀብ። ማሊንዲ ውስጥ እንደ ሾጣጣ ክምር ያለ ሚናራ ያለው የባምናራ መስጊድ ነው። ሁለት ማማ ያለው የካቶሊክ ካቴድራል የጎዋ ሕንዶች ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከሂንዱው ቤተ መቅደስ ማታ ማታ ደወል ይሰማል። መስጊድ ውስጥ ሙስሊም ገብቶ ይሰግዳል፤ ሌላው ሳይፈቀድለት አይገባም። ወንድም ሴትም ትከሻና ጉልበት ይሸፍን። ይህ ሁሉ ሕዝብ ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም፤ በጥር 1964 እ.ኤ.አ. አብዮት ብዙ ዐረቦችና ሕንዶች ተገድለዋል፣ ሌሎቹ ሸሽተዋል፣ ቤቶቻቸውም በመንግሥት ተወርሰው ለሌሎች ተሰጥተዋል። ትልልቅ በሮች ያሏቸው ቤቶች ውስጥ አምስት ስድስት ቤተሰብ የሚኖረው ለዚህ ነው፤ ፎቶ ስታነሱ የሰው ጓዳ መሆኑን አስቡ።

ቡናና ምግብ

ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ባራዛ የሚባል የድንጋይ መደብ አለ። ጎርፍ ሲሆን መሄጃ፣ ሲመሽ መቀመጫ ነው። ጆውስ ኮርነር የሚባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ አመሻሽ ላይ ቡና ሻጩ ከሰል ላይ የተቀመጠ የነሐስ ጀበናውን ይዞ ይመጣል። ካሃዋ ይሉታል። በጣም ጠቁሮ የተቆላ፣ ያለ ስኳር፣ አንዳንዴ ዝንጅብል የገባበት፣ እጀታ በሌላት ትንሽ ስኒ የሚጠጣ ነው። ጣፋጩ ከጎን ነው የሚመጣው፤ ካሻታ የሚባል ከለውዝ ወይም ከኮኮናት የተሠራ ከረሜላ ይነከሳል፣ ከዚያ ቡናው ይከተላል። የጅማን ቡና ጠረን ጠብቆ የሚጠጣ ሰው ያዝናል፤ የሚቀመሰው መራራነቱና ጨዋታው ነው። ሦስት ስኒ ይበቃል፣ አቦል ቶና በረካ ግን የለም።

ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ የምግብ ገበያ ይሆናል። ሸንኮራ በዝንጅብልና በሎሚ ተጨምቆ ይሸጣል፣ እሱን ጠጡ። ዛንዚባር ፒዛ የሚሉት ስስ ሊጥ ውስጥ የተከተፈ ሥጋ፣ ሽንኩርትና እንቁላል ታጥፎ የሚጠበስ ነው፤ ዓይናችሁ ፊት ስለሚሠራ አያሳስብም። የሚያሳምመው እንጨት ላይ የተሰካው የባሕር ምግብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ያመሸ ኦክቶፐስና ሎብስተር ቀድሞ በስሎ ለእናንተ የሚሞቅ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከትናንት የተረፈም ይገኝበታል። ጥሬውን የሚያሳይና ከጥሬ የሚጠብስ ሻጭ ጋ ብቻ ብሉ፣ ዋጋውንም በቁራጭ ነው ወይስ በሰሃን ብላችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ። ከሁሉ የምንመክረው ኡሮጆ ነው፤ በእርድ ቢጫ የሆነ፣ በማንጎና በሎሚ የኮመጠጠ ወፍራም ሾርባ፣ ውስጡ ባጂያ፣ ድንችና የካሳቫ ጥብስ ያለበት። ቀን ላይም ይሸጣል። የጾም ቀን ሲሆን "ማሃራጌ ያ ናዚ" በሉ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ ነው፤ ኡሮጆውንም ያለ እንቁላልና ያለ ሥጋ እዘዙ።

ቅመም

የቅመም እርሻዎቹ ኪዚምባኒና ኪዲቺ አካባቢ ናቸው፣ ከከተማው ግማሽ ቀን ይበቃል። ቴፒ ሄዶ ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ላይ ሲወጣ ያየ፣ ኮረሪማ ከጫካ የለቀመ ሰው እዚህ አዲስ የሚሆንበት ቅርንፉድ ነው። ቅርንፉድ ፍሬ አይደለም፣ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። እምቡጡ ከአረንጓዴ ወደ ሮዝ መዞር ሲጀምር በእጅ ይለቀማል፤ አንድ ቀን ዘግይቶ ካበበ ዋጋው ወደቀ። ከዚያ ምንጣፍ ላይ ለቀናት ይሰጣል፣ እስኪጠቁር። ዛፉ ደሴቲቱ ላይ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. ከባድ አውሎ ነፋስ የኡንጉጃን (የዋናዋን ደሴት) ዛፎች አብዛኞቹን ስለነቀለ ዋናው ምርት ዛሬም የሚመጣው ከጎረቤቷ ፔምባ ነው።

አስጎብኚው ገውዝ ሰንጥቆ ቀዩን መረብ የመሰለ ሽፋን ሲያሳያችሁ ሁለት ቅመም በአንድ ፍሬ እያያችሁ ነው። የቀረፋን ሥር አስቆፍሩት፤ ቅርፊቱ ቀረፋ ቀረፋ ሲሸት ሥሩ ካምፎር ይሸታል። ሄልና ኮረሪማን ጎን ለጎን ለማነጻጸር ከጅማ ሦስት አራት ፍሬ ኮረሪማ መያዝ ያስደስታል፣ አስጎብኚዎቹም ይወዱታል።

ግዢ ላይ ሁለት ማታለያ አለ። ዛንዚባር ላይ ሳፍሮን አይበቅልም፤ "የዛንዚባር ሳፍሮን" ብለው የሚሸጡት ሳፍላወር የሚባለው የሱፍ ዓይነት አበባ ወይም ቀለም ነው። ሁለተኛው ዘይቱ ወጥቶ ያለቀ ቅርንፉድ ነው። በጥፍር ጫኑት፣ ጥሩው ዘይት ያወርዛል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ ጥሩው ይሰጥማል ወይም ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የተጨመቀው በጎኑ ይንሳፈፋል። ግንዱ በዝቶ እምቡጡ ያነሰበትንም አትውሰዱ።

ጆዛኒ

ከከተማው 35 ኪሎ ሜትር ያህል በደቡብ ምሥራቅ ጆዛኒ ደን አለ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። እዚያ ያለው ቀይ ጉሬዛ በዓለም ላይ ከዛንዚባር በቀር በተፈጥሮ የትም አይገኝም። የኛ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዛፍ ላይ ነው፤ ይኸኛው ጀርባው ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጸጉር ያለው፣ ሰው አጠገብ መሬት ላይ የሚቀመጥ ነው። ሁለቱም አውራ ጣት የላቸውም፣ አጠገባችሁ ቅጠል ሲበጥስ እጁን አስተውሉ። ቀዮቹ ከሰል ይበላሉ። ከመንደር ምድጃ ሰርቀው ጭምር። የማንጎና የመሳሰለው ቅጠል ውስጥ ያለውን መርዛማ ነገር ከሰሉ እንደሚስብላቸው ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ቀርበው ቢመጡም ሦስት ሜትር ያህል ራቁ፣ ምግብ አትስጡ፣ ጉንፋን ያለባችሁ ቆዩ፤ በሽታችሁ ይይዛቸዋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ካልሄዳችሁ ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ።

ባሕሩ መቼ ነው የሚሸሸው?

በምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሸሽ ከኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። "ባሕር ዳር ሆቴል" ከፍለው ጠዋት ጭቃ የሚያዩ ሰዎች ቅሬታ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። መፍትሔው ጨረቃን መቁጠር ነው፣ የሂጅራን ቀን የሚከታተል ሰው ደግሞ ያለ ስልክ ያውቀዋል። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ፣ ማለትም በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን አካባቢ፣ ልዩነቱ ትልቁ ነው፣ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፤ በነዚያ ቀናት ባሕሩ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ተራቁቶ ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ይሞላል። ከዚያ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን፣ በ7ኛና በ22ኛ ቀን አካባቢ፣ ውሃው ብዙም አይርቅም። ቀኑን ሙሉ መዋኘት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ሰሜን ሂዱ፤ ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ውሃው ብዙ አይሸሽም።

የተራቆተው ባሕር ግን ራሱ መታየት አለበት። ሴቶች የባሕር አረም የሚያለሙት በዚያ ሰዓት ነው፤ በአሸዋው ላይ ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ በገመዱ ላይ ቅንጣቢ ያስራሉ። ሥራው የመጣው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ለመሄድ ነጠላ ጫማ አይበቃም፤ ተረከዝ የሚይዝ ጎማ ጫማ አድርጉ፣ የባሕር ጃርት እሾህ እግር ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ውሃው መመለስ ሲጀምር ፈጥኖ ነው የሚመለሰው፣ ከኋላችሁ ያለው ዝቅተኛ ቦታ ቀድሞ ይሞላል። ሴቶቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ እናንተም ተመለሱ።

የቀረው በአጭሩ። ቻንጉ ደሴት፣ "እስር ቤት ደሴት" የሚሏት፣ እስር ቤት ተብሎ የተሠራው ሕንፃዋ እስረኛ ገብቶበት አያውቅም፤ የበሽተኛ ማቆያ ነው የሆነው። የሚታዩት ከሲሸልስ የመጡት ግዙፍ ኤሊዎች ናቸው። ኪዚምካዚ ላይ በ500 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1107 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ የተቀረጸ ኩፊ የሚባል ጥንታዊ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበት መስጊድ አለ። ለዚያ ሂዱ። የዶልፊን ጀልባውን ግን አንመክርም፤ አሥር ጀልባ አንድ መንጋ ሲያባርር እንስሳቱ ማረፍ አይችሉም። በሐምሌ ደሴቲቱ ላይ ከሆናችሁ ማኩንዱቺ ሂዱ፤ ከፋርስ የመጣ የዘመን መለወጫ፣ ምዋካ ኮግዋ፣ ይከበራል። ወንዶች በሙዝ ግንድ ይደባደባሉ፣ የዓመቱ ቂም በዚያ ይወጣል፣ ጎጆ ይቃጠላል፣ ሴቶች እየዘፈኑ ይዞራሉ። ከሙዙ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ለመንቀሳቀስ ዳላዳላ አለ፣ እንደኛ ሚኒባስ በመስመር ቁጥር የሚሠራ፤ 116 ኑንግዊ፣ 309 ጃምቢያኒ ይሄዳል። ርካሽ ነው፣ ግን ኑንግዊ ለመድረስ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ የመጨረሻው መኪና አመሻሽ ላይ ስለሚያልቅ መመለሻውን ስትሄዱ ጠይቁ። መኪና በግራ ነው የሚነዳው፤ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ።

ለቤት ስትገዙ ዛጎል፣ ኮራልና የኤሊ ቅርፊት አትንኩ። ችግኝም አታምጡ። ቅርንፉዱን ክዳኑ በሚጠብቅ ብርጭቆ ዕቃ አድርጉና ከልብስ ጋር አስቀምጡት፤ ጅማ ስትደርሱ ግን ቡና ካለበት መደርደሪያ አርቁት፤ ጥሬ ቡና ጠረን ይስባል፣ ቅርንፉድ አጠገብ አንድ ሳምንት የሰነበተ ቡና ሲፈላ ሌላ አይሸትም።